ስለ አፍላ ወጣት ሴቶች ጤና በሚነገርባቸው ሦስት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

«ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ የሚላክን መልእክት ለመሰየም ሁለት የታወቁ ቃላትን ያጣመረ፣ በኋላም የሰፈር መጠሪያ ሆኖ የቀረ ስያሜ ነው። ሰሚው መሣሪያውን ባያየው እንኳ ነገሩን ከቃሉ ይገምተው ነበር። ዛሬ በዚሁ ሰፈር የምትኖር የ16 ዓመት ልጅ ስለ ጤና አገልግሎት የምትሰማቸው ስያሜዎች ይህን ያህል ይረዷታልን? ሦስቱን እንመርምር።

የመጀመሪያው «ልጃገረድ» ነው። ቃሉ ያላገባች ወጣት ሴትን ያመለክታል፤ ድንግል የሆነችውንም እንዲሁ። «ለልጃገረዶች የሚሰጥ የእርግዝና ክትትል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለተኛውን ፍች ዘንግቶታል። ተገዳ የተደፈረች ልጅ ግን አትዘነጋውም፤ እርሷ እንዳልተጠራች ትቈጥረዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ለወሰነው ዕድሜ «አፍላ ወጣት» ማለቱ ይሻላል፤ ስለ ድንግልናም ሆነ ስለ ጋብቻ የሚጠይቀው የለምና።

ሁለተኛው «ቤተሰብ ምጣኔ» ነው። ስያሜው የልጆቻቸውን ቍጥር ለሚመጥኑ ባልና ሚስት ይስማማል። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ስላደረገ፣ የ16 ዓመቷ ልጅ የምትመጥነው ቤተሰብ የላትም። «የእርግዝና መከላከያ» የሚለው ግን ያገባችውንም ያላገባችውንም ይጨምራል።

ሦስተኛው «ሥነ ተዋልዶ ጤና» ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በካይሮ የተደረገው የሕዝብና የልማት ጉባኤ ለጽንሰ ሐሳቡ የሰጠው ትርጕም መውለድን ብቻ ሳይሆን፣ ለመውለድም ሆነ ላለመውለድ መወሰንን ያጠቃልላል። «ተዋልዶ» የሚናገረው ግን ስለ መውለድ ነው። ስያሜው በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሥር ስለ ሰደደ ይሻር አንልም፤ ለሕዝብ ሲነገር ግን «የወር አበባ፣ የእርግዝና መከላከያና የአባላዘር በሽታ ምክርና ሕክምና» ተብሎ ይዘርዘር እንላለን።

ጨዋነት ሽፍን ቃል ይሻል የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «ጽንስ ማቋረጥ» በማለት፣ ሳያሳፍርም ሳይሸፍንም መሰየም እንደሚቻል አሳይቷል። በአንቀጽ 551 ከፈቀዳቸው ምክንያቶች አንዱ ከአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝና ነው። ይህን መብት ያላት ልጅ አገልግሎቱን በስሙ ጠርታ መጠየቅ ካልቻለች፣ ጉድለቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የቃላት ሠራተኞች ነው። ስለሆነም ተርጓሚዎች ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች አንብበው ምን እንደ ተረዱ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።