የመበለቷ ሁለት ሳንቲም እና የተዘለለው ቁጥር

ስለ መስጠት ሲሰበክ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 መጨረሻ አይቀርም። አንዲት ድሃ መበለት ቤተ መቅደስ ገብታ ሁለት ትናንሽ ሳንቲሞች ትጥላለች፤ ኢየሱስም ከሁሉ አብልጣ የሰጠችው እሷ ናት ይላል። ስብከቱ እዚህ ያበቃና ቅርጫቱ ወይም ጃንጥላው ይዞራል። አሁን አሁንማ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ስክሪን ላይ ይወጣል።

ታሪኩን ከላይና ከታቹ ጋር ላነበበ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመበለቷ በፊት ያለው ቁጥር 40 ስለ ጻፎች ነው፤ ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ይበላሉ ተብለው ይወቀሳሉ። ወዲያው አንዲት መበለት ትመጣና ያላትን ሁሉ ጥላ ትሄዳለች። ከዚያ ደቀ መዛሙርቱ በቤተ መቅደሱ ድንጋዮች ሲደነቁ፣ ሁሉም እንደሚፈርስ ይነገራቸዋል። ይሄ ምዕራፍ 13 ላይ ስለሆነ ብዙዎቻችን አናያይዘውም። የምዕራፍ ክፍፍሉ ግን በ13ኛው መቶ ዘመን የመጣ ነው፤ ማርቆስ አያውቀውም። ሳንቲሞቿ የገቡት ሊፈርስ ነው ወደተባለ ሕንፃ ነው።

አዲሰን ራይት የተባለ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጽሑፍ፣ ይሄ ውዳሴ ነው ወይስ ሐዘን ብሎ ጠይቋል። የሱ መልስ ወደ ሐዘኑ ነው። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ኢየሱስ የቆጠረው በመቶኛ ነው፤ ሀብታሞቹ ከትርፋቸው ሰጡ፣ እሷ ከጉድለቷ። እዚህ ውስጥ አድናቆት የለም ማለት ይከብደኛል። ግን የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ሲያልቅ «ሂድና አንተም እንዲሁ አድርግ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እዚህ የለም። የጨመርነው እኛው ነን።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው እዚያው ማርቆስ ውስጥ ምዕራፍ 7 ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ክፍል በቀላሉ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም «ቁርባን» ሲባል ትዝ የሚለን ሥጋ ወደሙ ነው፤ ካልሆነም ሠርግ። እዚያ ግን ቁርባን ማለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ንብረት ነው። ሰውየው ወላጆቹን ሊጦርበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ካለ፣ ከመጦር ነፃ ይወጣል። ኢየሱስ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ነው ይለዋል። እንግዲህ የእናቱን የመድኃኒት ብር «ዘር» ብሎ ነቢይ ነኝ ላለ ሰው በስልኩ የላከ ልጅ የትኛውን ምዕራፍ እየኖረ ነው? «ማስላት እምነት ማጣት ነው» የሚሉትም አሉ። የቤት ኪራይና እቁብ አስቀድሞ ከደሞዙ ላይ የሚያነሳ ልጅ ግን ሉቃስ 14 ላይ ግንብ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ ወጪውን የሚያሰላውን ሰው ነው የሚመስለው።

የቤተ ክርስቲያንን ሥራ ማን ይደግፍ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አገልጋይም ይበላል። መበለቷን ግን ለዚህ ምስክር አድርጎ መጥራት ጽሑፉ የማይሸከመው ንባብ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የኢየሩሳሌም ምእመናን ያጉረመረሙት መበለቶቻችን ከዕለት ምግቡ ተዘለሉ ብለው ነው። ሐዋርያቱም ለዚያ ማዕድ ሰባት ሰዎች አስመረጡ።