ሁለት መልስ የነበረው ማክሰኞ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1996 አሜሪካውያን ከቢል ክሊንተንና ከቦብ ዶል አንዱን ሊመርጡ በወጡበት ማክሰኞ፣ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት መሐል ላይ አንድ ደፋር ፍንጭ ተቀምጦ ነበር። 39 አግድም «የነገው ጋዜጣ ዋና ዜና» ይላል። መልሱ ከ43 አግድም ጋር ተጣምሮ ነው የሚነበበው፤ የ43 አግድም መልስ ደግሞ «ተመረጠ» የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ገና ድምፅ እየተሰጠ ነው። ጋዜጣው የታተመው ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ነው።

ክሊንተን ያሸንፋል ብሎ የገመተ አንባቢ በ39 አግድም ሰባት ካሬዎች «ክሊንተን» ብሎ ሞላ። ቁልቁል የሚያቋርጡትን ቃላት አንድ በአንድ ሲያረጋግጥ ሁሉም ልክ መጡለት። ስለዚህ ተናደደ፤ ጋዜጣው ውጤቱን አስቀድሞ ማወጁ ነው እንዴ? የዶል ደጋፊም «ቦብ ዶል» ብሎ ሞላ፤ ለእሱም ሁሉም ልክ ሆኑ። የእንቆቅልሹ አርታኢ የዊል ሾርትስ ስልክ ሲጮኽ ዋለ። ከደዋዮቹ ገሚሱ አድልታችኋል ሲል ገሚሱ ተሳስታችኋል ይል ነበር። እውነቱ ግን ሁለቱም መልሶች ትክክል መሆናቸው ነው። ብዙዎቹ ፈቺዎች በእጃቸው የያዙት ወረቀት ሌላ መልስ እንዳለው ጨርሶ አልጠረጠሩም።

የዚህ ሥራ ባለቤት ጄረማያ ፋረል ይባላል፤ ኢንዲያናፖሊስ በሚገኘው በትለር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበር። ሐሳቡ ያደረበት ከዚያ ምርጫ 16 ዓመት በፊት ነው። በ1980 ምርጫ «ካርተር» እና «ሬገን» በእንግሊዝኛ እኩል ስድስት ስድስት ፊደል መሆናቸውን አይቶ ተመሳሳይ እንቆቅልሽ ሠርቶ ልኮ ነበር። የያኔው አርታኢ ዩጂን ማሌስካ ግን ሦስተኛው ተወዳዳሪ አንደርሰን ቢያሸንፍስ ብሎ መለሰበት። በ1996ም ሮስ ፔሮት የሚባል ሦስተኛ ሰው ነበር። ሾርትስ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ደግ አደረገ።

የሥራውን ጥራት ለማየት የሙያውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። መስቀለኛ ቃላትን በጋዜጣ የጀመረው አርተር ዊን ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ላይ። ታይምስ ነገሩን ለብዙ ዓመታት ሲንቅ ቆይቶ፣ እንዲያውም በ1924 የጊዜ ብክነት ነው ብሎ ጽፎበት፣ የራሱን የጀመረው በ1942 ነው። የመጀመሪያዋ አርታኢ ማርጋሬት ፋራር ያጸናቻቸው ሕጎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። የሥራ ቀን ሠንጠረዥ 15 በ15 ካሬ ነው። ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይገባም። ጥቁሮቹ ካሬዎች ሠንጠረዡን ገልብጠው ቢያዩት እንኳ በዚያው ቦታቸው መገኘት አለባቸው። ዋናው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይፈተናል የሚለው ነው፤ አንዴ በአግድም፣ አንዴ በቁልቁል፣ እንደ ድርና ማግ።

ፋረል በዚህ ሕግ ውስጥ ሆኖ ነው ሁለት እውነት የሸመነው። በእንግሊዝኛ «ክሊንተን» ሰባት ፊደል፣ «ተመረጠ» የሚለውም ሰባት ፊደል ነው። በመካከላቸው አንድ ጥቁር ካሬ ሲገባ 15 ይሞላል፤ መካከለኛው ረድፍ ጥርት ብሎ ለሁለት ተከፈለ። «ዶል» ብቻውን አራት ፊደል ስለሆነ የመጀመሪያ ስሙ መጨመር ነበረበት። አንዱን በአባት ስም ሌላውን በሙሉ ስም መጥራት በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ያስነቅፍ ነበር። ዶል ግን ስለ ራሱ ሲናገር «ቦብ ዶል» እያለ ስሙን በመጥራት የታወቀ፣ በዚህም የተቀለደበት ሰው ስለሆነ አንባቢው ጆሮ ላይ ምንም አልጎረበጠም። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያጋጥመው አሥራ ስድስት ዓመት ለጠበቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ እንቅረብ። ሁለቱን ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ደርባችሁ ብታስቀምጧቸው ከሰባቱ ቦታዎች በአንዱም አይገናኙም፤ ሲ በቢ ላይ፣ ኤል በኦ ላይ፣ አይ በቢ ላይ፣ እያለ እስከ መጨረሻው። አንድ ፊደል እንኳ ቢጋሩ ሥራው በዚያ ልክ ይቀል ነበር። ስለዚህ ሰባት ቁልቁል ቃላት ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ቃል አንድ ፊደሉ ሲቀየር ሌላ ቃል መሆን አለበት፤ ሁለቱም ቃላት ደግሞ ለዚያው ለአንዱ ፍንጭ የማያሻሙ መልሶች መሆን አለባቸው።

የመጀመሪያው ፍንጭ «የሃሎዊን ጥቁር እንስሳ» የሚል ነው። ካት ካሉት ድመት፣ ባት ካሉት የሌሊት ወፍ። ሃሎዊን ካለፈ አምስት ቀኑ ነው፤ በየበሩ የተሰቀለው የወረቀት እንስሳ ገና ያልወረደበት ቤት ብዙ ነበር። ሁለተኛው ጀማሪ የፈረንሳይኛ ተማሪ የሚያውቀው ቃል ነው፤ «ሉዊ» ወይም «ዊ»። በእኔ ሚዛን ከሰባቱ የላላው ይህ ነው፤ ጀማሪ ተማሪ የሚያውቀው ቃል ማለቂያ የለውማ። «ከልብስ ስፌት ሱቅ የሚገዛ» የሚለው ክርንም (ያርን) በመለኪያ የሚሸጥ ጨርቅንም (ያርድ) ይይዛል። «አጫጭር ጽሑፎች» የሚለው ቁርጥራጮችንም አጫጭር የሕይወት ታሪኮችንም፣ «ጥሩንባ» የሚለው መኩራራትንም ኃይለኛ ድምፅንም። እነዚህ ሦስቱ ያለምንም ጭንቀት ይሠራሉ፤ አልፋቸዋለሁ።

ቆም ብዬ የማያቸው ሁለት ናቸው። አንዱ «ድጋፍ ሰጪ፣ ባጭሩ» ይላል። አንደኛው መልስ አሜሪካውያን ለጡረታ የሚቆጥቡበት ሒሳብ በምህጻር የሚጠራበት አይ አር ኤ ነው። ሌላኛው ብራ፣ የሴቶች ጡት መያዣ። ድጋፉ በአንዱ የኪስ፣ በሌላው የገላ መሆኑን ማንም ያየዋል። ብልሃቱ ያለው «ባጭሩ» የምትለው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያው መልስ ከሦስት ቃላት መነሻ ፊደላት የተሠራ ምህጻር ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ረዥም ቃል ተቆርጦ የቀረ ጫፍ ነው። ሁለቱ ያጠሩት በተለያየ መንገድ ሆኖ ሳለ አንዲት ቃል ሁለቱንም በሐቅ ትሸከማለች። ያቺን ቃል አውጡና ፍንጩ ይፈርሳል።

ሌላው የመጨረሻው ነው፤ «ብዙ ያከራከረ የፖለቲካ ምህጻር»። ኤን ከሆነ መነሻው፣ የጠመንጃ ባለቤቶች ብሔራዊ ማኅበር። ኢ ከሆነ፣ ኮንግረስ በ1972 አሳልፎት በቀነ ገደቡ ውስጥ በቂ ግዛቶች ሳያጸድቁት የቀረው የእኩል መብት ማሻሻያ። በምርጫ ቀን፣ በተወዳዳሪ ስም መጨረሻ ፊደል ላይ፣ የቀኝና የግራ ክርክር ቁልቁል ሲወርድ! ፋረል ይህን ሳያገኝ በፊት ስንት የሦስት ፊደል ቃላት ጥሎ ይሆን?

ቀኑም ፈተና ነበር። የታይምስ እንቆቅልሽ ሰኞ ቀላል ሆኖ ይጀምርና እስከ ቅዳሜ እየጠነከረ ይሄዳል። የአሜሪካ ምርጫ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ የቀላሎች ቀን ነው። ቅዳሜ ቢሆን ሁለት መልስ ያለውን ፍንጭ በብርቅ ቃላት መሸፈን ይቻል ነበር። ማክሰኞ ግን ድመት፣ ክር፣ ጨርቅ፣ ጥሩንባ፤ ከቁርስ ጋር የሚፈታ። ከባዱ ሥራ ቀላል መስሎ መታየት ነበረበት፤ መሰለም። በነጋታው ክሊንተን በ379 የወኪል መራጮች (ኤሌክቶራል) ድምፅ ለ159 ማሸነፉ ሲታወቅ ከሁለቱ መልሶች አንዱ ብቻ ዜና ሆነ።

የቅኔ ነገር የሚገባው አንባቢ ኅብረ ቃል ትዝ ሳይለው አይቀርም። ግን ልዩነት አለ። በቅኔ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይቀራል፤ የቱ ሰም የቱ ወርቅ እንደሆነ ባለቅኔው አስቀድሞ ያውቃል። ፋረል ሁለቱንም ወርቅ አድርጎ አቀረበና የሚቀልጠውን እንዲመርጥ ለድምፅ ሰጪው ተወለት። በሥነ ጽሑፍ ውበት ቅኔውን እመርጣለሁ፤ በዚያ ዓይነት ድፍረት ግን ይህ ማክሰኞ ይበልጥብኛል።

በእኛ ፊደልስ ይቻላል? እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት፤ አናባቢው በራሱ ካሬ ስለሚቀመጥ አንድ ተነባቢ መቀየር ሌላውን አይነካም። በእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ተነባቢውና አናባቢው አንድ ካሬ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቃላት እንዲቋረጡ ተነባቢው ብቻ ሳይሆን አናባቢውም መግጠም አለበት። ካዕብ በሣልስ ላይ አይወድቅም። በዚህ ምክንያት የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ሠሪ ሥራው ከእንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ይህን ሳስብ ነው በየጋዜጣው ጥግ ለሚወጣው አክብሮቴ የሚጨምረው። በሌላ በኩል ሁለት ካሬ ሙሉ ቃል ይይዛል፤ ስለዚህ የሦስት ፊደሉን ሕግ ብናላላው ይፈቀድልን። ለሙከራ አንዲት ጥግ ይኸውላችሁ። አግድም፦ «በገበያ ቀን የማይጠፋ»። ቁልቁል፦ «ዘበኛ የሚጠብቀው»። የጋራዋ ካሬ በ ከሆነች አግድሙ በሬ፣ ቁልቁሉ በር። ወ ከሆነች አግድሙ ወሬ፣ ቁልቁሉ ወር። በር የሚጠብቅ ዘበኛ የደመወዙን ወርም ይጠብቃል። ይህ አንዲት ካሬ ናት፤ ፋረል ሰባት ሠርቷል፣ ያውም ተከታታይ።

ፊደልን ሁለት ጊዜ የመፈተን ነገር ሌላ ቅርንጫፍም አለው፤ ጥቅስን የሚደብቀው። የአዲስ አበባ ሚኒባስ የሚሳፈር ሁሉ ጥቅስ በነጻ ያነባል፤ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ዓይኑ ከመስታወቱ በላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ይጋጫል። ኤልዛቤት ኪንግስሊ ግን ጥቅስን በላብ የሚገኝ አደረገችው። የዌልስሊ ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ይህች ሴት ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ወጣቶቹ የጥንቶቹን ደራስያን ትተው ጄምስ ጆይስንና ገርትሩድ ስታይንን ሲያነቡ አይታ ቅር አላት ይባላል። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1934 በሳተርዴይ ሪቪው መጽሔት ላይ አዲስ ዓይነት እንቆቅልሽ አወጣች። የየፍንጩን መልስ ፊደላት በቁጥራቸው ወደ ሠንጠረዥ ስታዛውሯቸው ከአንድ ደራሲ ሥራ የተወሰደ ጥቅስ ይነበባል። የመልሶቹ መነሻ ፊደላት ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ የደራሲውንና የሥራውን ስም ይሰጣሉ።

የዚህን ሒሳብ አስቡት። የጥቅሱ ፊደላት በሙሉ በመልሶቹ ውስጥ ማለቅ አለባቸው፤ አንድ አይተርፍም፣ አንድ አይጎድልም። መልሶቹም በደራሲው ስም ቅደም ተከተል መጀመር አለባቸው። ሠሪዋ መጨረሻ ላይ አንድ የማይመች ፊደል ቢተርፋት ያለቀውን ሁሉ አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች። ፈቺውም በሁለት አቅጣጫ ይሠራል፤ ከፍንጭ ወደ ጥቅስ፣ ከግማሽ ጥቅስ ግምት ወደ ፍንጭ። ጥቅሱ ሲሞላ ፊደል በፊደል የለቀመው ስለሆነ እንደ ሚኒባሱ ጽሑፍ ከወረደ በኋላ አይረሳውም።

ሾርትስ በ1993 አርታኢ ሲሆን ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በሥራ ቀን በሚወጣው እንቆቅልሽ ላይም የሠሪውን ስም ማተም ነው። ከዚያ በፊት የፋረል ዓይነት ሰው ድንቅ ሥራ ሠርቶ ስሙ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ፋረል በ2022 ሲሞት ስሙ በዚያች ማክሰኞ ሥራው ይነሣ ነበር። በአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት መስቀለኛ ቃላት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ስማችሁን ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ፤ አርታኢው ቦታ የለም ቢላችሁ አንድ ፍንጭ ቀንሳችሁም ቢሆን ጻፉ። አንባቢ ደግሞ በሬና ወሬን የሚያስንቅ ጥንድ ካገኛችሁ ለምታነቡት ጋዜጣ ላኩ።