መንፈግ መከልከል አይደለም፦ የ2011ዱን የአውሮፓ ፍርድ ቤት ብያኔ በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ሚዛን

ስለ ፅንስ ክብር በሚጻፉ የተማሪዎቻችን ወረቀቶች ውስጥ አንድ የፍርድ ቤት ብያኔ ደጋግሞ ይጠቀሳል። በሉክሰምበርግ የሚያስችለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 የሰውን ፅንስ ማጥፋት በሚጠይቅ የፈጠራ ሥራ ላይ ፓተንት ሊሰጥ አይችልም ሲል የወሰነው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጆቻችን ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውሮፓ ካቶሊክ ጳጳሳት ኮሚሽን ብያኔውን በደስታ ተቀብሎታል። ተማሪዎቻችንም የሚጠቅሱት ዓለማዊው ሕግ ሳይቀር ፅንስ ሰው መሆኑን አምኗል ለማለት ነው። ለፅንስ ክብር መቆማቸው ትክክል ነው፤ ማስረጃቸው ግን የጫኑበትን አይሸከምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሊቨር ብሩስትለ የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1997 የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ሥራቸው ስቴም ሴል ከሚባሉት የፅንስ መነሻ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳትን ማዘጋጀት ሲሆን፣ ዓላማው እንደ ፓርኪንሰን ያሉ በሽታዎችን ማከም ነበር። ሕዋሳቱ የሚወሰዱት የጥቂት ቀናት ዕድሜ ካለው ፅንስ ነው፤ ሲወሰዱም ፅንሱ ይጠፋል። ግሪንፒስ ፓተንቱ እንዲሰረዝ ከሰሰ፤ ክርክሩም የጀርመንን ፍርድ ቤቶች አልፎ ሉክሰምበርግ ደረሰ። የክርክሩ መሠረት የሰውን ፅንስ ለኢንዱስትሪ ወይም ለንግድ ማዋልን ከፓተንት ውጭ ያደረገው የ1998ቱ የኅብረቱ የባዮቴክኖሎጂ መመሪያ ነበር።

ብያኔው የሚመሰገንበት ነገር አለው። ፍርድ ቤቱ “ፅንስ” የሚለውን ቃል በሰፊው ተርጉሞ የሰው እንቁላል ከተዳቀለበት ጊዜ ጀምሮ ፅንስ ነው አለ። ማመልከቻው ስለ ፅንስ አንድም ቃል ባይጠቅስ እንኳ፣ ሥራው አስቀድሞ የፅንስን መጥፋት የሚጠይቅ ከሆነ ፓተንት እንደማይሰጠው ወሰነ። በቃላት አጻጻፍ ለማምለጥ ለሚሞክር ጠበቃ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት ሥራው የመመሪያውን ቃል መተርጐም እንጂ የሕክምናና የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን መመለስ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። ስለ ሰው ምንነት ምስክር አድርገን ያቆምነው አካል፣ በዚህ ጉዳይ አልመሰክርም ብሎ ነው የጀመረው።

ዋናው ጉድለት ግን ከዚህ ይከብዳል። ፓተንት የመሥራት ፈቃድ አይደለም፤ ሌላው እንዳይሠራ የመከልከል መብት ነው፣ ያውም ለተወሰነ ዘመን። መመሪያው ራሱ በመግቢያው ይህንኑ ይናገራል። ስለዚህ ፓተንት የተነፈገ ሥራ የተከለከለ ሥራ አይደለም። እንዲያውም አጥሩ እንደ ፈረሰ ማሳ ነው፤ ሌላ ሕግ ካልከለከለው ማንም ይገባበታል። ጀርመን ፅንስን የምትጠብቀው በፓተንት ሕጓ ሳይሆን ጥፋተኛውን በወንጀል በሚያስቀጣው በ1990 በወጣው የፅንስ ጥበቃ ሕግ ነው። እርሷም ብትሆን በ2002 ባወጣችው ሕግ፣ ቀደም ብለው በውጭ አገር የተዘጋጁ ሕዋሳት ለምርምር በቅድመ ሁኔታ እንዲገቡ ፈቅዳለች። ብያኔው ይህን አልነካም። በዘፍጥረት 9፥6 የሰው ደም የተጠበቀው ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለ ተፈጠረ ነው። የተከለከለው ደም ማፍሰሱ ነው እንጂ፣ ካፈሰሱ በኋላ ብቸኛ ሻጭ መሆኑ አይደለም!

ከብያኔው በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በ2012 የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የብሩስትለን ፓተንት፣ ፅንስ ሳይጠፋ በሚገኙ ሕዋሳት ላይ ብቻ ወስኖ አጸናው። በ2014 ደግሞ ሉክሰምበርግ፣ ሳይዳቀል መከፋፈል የጀመረ እንቁላል በራሱ ወደ ሰው የማደግ አቅም ከሌለው ፅንስ አይባልም አለ። በውጤቱ አልሟገትም፤ የሚያሳስበኝ መስፈርቱ ነው። መዝሙር 139ን የሚያነብ ሰው የፅንስን ዋጋ የሚያገኘው በሚያውቀውና በሚሠራው አምላክ ዘንድ ነው። ዋጋው በአቅም ከተመዘነ ግን፣ ነገ በሌላ ጉዳይ አቅም ያነሰው ሁሉ እዚያው ሚዛን ላይ ይወጣል።

በንግድ ምልክት በኩል “ሥነ ምግባር” የሚለው ቃል ይበልጥ ይሳሳል። በ2005 በብሪታንያ “ኢየሱስ” የሚለው ስም ለልብስና ለሌሎች ሸቀጦች ምልክት ሆኖ እንዳይመዘገብ የተወሰነው፣ አማኞችን በጽኑ ያስቀይማል በሚል ነው። ደስ ይላል። ሆኖም የተጠበቀው የአማኞች ስሜት ነው። ሦስተኛው ትእዛዝ ግን የሚቀየም ሰው በአካባቢው ባይኖርም ይሠራል። ስሜት መሠረት ሆኖ ብዙ እንደማይቆም በአሜሪካ ታይቷል፤ በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸያፍ ወይም አሳፋሪ ምልክት እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን ድንጋጌ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል።

የሕዝብን ሰላምና ሥነ ምግባር የሚጻረር እንዳይመዘገብ የሚለው ሐሳብ በእኛም ሕግ አለ፤ ለፈጠራ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ለንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በአውሮፓ የፓተንት ሕግም ነበረ፤ ታዲያ ጤፋችንን ጠበቀልን? በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ጥቅም ለመጋራት የተዋዋለ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሥነ ምግባር ድንጋጌው የሚጠይቀው ሥራው በጥቅም ላይ ሲውል ነውር ነው ወይ ብሎ ነው። ዱቄት መፍጨት ነውር አይደለም። ዕውቀቱ ከማን ተወሰደ፣ ለባለቤቱስ ምን ተመለሰ የሚለው፣ ዘዳግም 19፥14 ስለ ባልንጀራ ድንበር የሚያነሣው ጥያቄ፣ በድንጋጌው ውስጥ የለም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ዋጋ ሲያሳጣው ምክንያቱ በቂ የፈጠራ እርምጃ የለበትም የሚል ነበር። ተከራካሪዎቹም ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ገበሬ በችሎቱ አልነበረም።