መከለያው ከመስታወቱ ውጭ ወይስ ውስጥ?

እንደ ፀሐይዋ አካሄድ ራሱን የሚለዋውጥ የሕንፃ ፊት ለሜልበርን ነዋሪ ሩቅ ነገር አይደለም። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 በሊትል ኮሊንስ ጎዳና ያስመረቀው ባለ 10 ፎቅ ካውንስል ሀውስ ቱ በምዕራብ ፊቱ፣ ከመስታወቱ ውጭ፣ ቀድሞ ካገለገለ እንጨት የተሠሩ ረጃጅም መከለያዎች አሉት። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋን እየተከተሉ ይዘጋሉ። ሌሊት ደግሞ መስኮቶቹ ራሳቸው ተከፍተው የኮንክሪቱን ጣሪያ ያበርዳሉ። ከነዳፊዎቹ አንዱ ዚምባብዌያዊው ሚክ ፒርስ ነው፤ በሌሊት አየር የሚበርደውን የሐራሬውን ኢስትጌት በ1996 ያስጨረሰው እርሱ ነው። (የፈረንጅ ጥበብ የምንለው ሁሉ የፈረንጅ ብቻ እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።)

ሥራውን አደንቃለሁ። ቅሬታዬ ጥበቡ ለማን እንደ ደረሰ ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው የኮሊንግዉድ የመንግሥት ፎቆች በፋብሪካ ከተዘጋጀ የኮንክሪት ገበታ የተገጣጠሙ ናቸው፤ በምዕራብ መስኮታቸው ላይ ምንም ጥላ የለም። አንዲት እናት በበጋ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በጋቢ ሲሸፍኑ አይቻለሁ። ጋቢው ብርሃኑን ከለከለ፤ ሙቀቱን ግን አልከለከለም። ጨረሩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ጋቢውን ያሞቃል፣ ጋቢው ክፍሉን ያሞቃል፤ ሙቀቱም በመስታወቱ በኩል በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። የምክር ቤቱ መከለያ ብልጫው በመዞሩ ሳይሆን ከመስታወቱ ውጭ በመቆሙ ነው። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 ሜልበርን 46.4 ዲግሪ በደረሰችበት ዕለት ይህ ልዩነት የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

ድኻው ተገዶ የሚኖርበትን ስሕተት አዲስ አበባ ወድዳ መርጣዋለች። በ2022 የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ መስታወት ለብሷል፤ ታናናሾቹም ይህንኑ ይከተላሉ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ በቀትር ፀሐይዋ ለአናት የቀረበች ናት፤ ግድግዳን አብዝታ የምትመታው ጠዋትና ማታ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ነው። በረንዳና ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መስኮት የነበራቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ መከለያውን የሚያንቀሳቅሰውም የነዋሪው እጅ ነበር። ከእነዚያ ሰፈሮች ብዙው በ2024 ፈረሰ።

የቪክቶሪያ መንግሥት በ2023 የሜልበርንን 44 የመንግሥት ፎቆች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ እንደሚተካ አስታውቋል። የኮሊንግዉድ ነዋሪዎች ለስብሰባ ሲጠሩ ስለ ፎቁ ቁመትና ስለ ክፍሉ ብዛት መጠየቃቸው አይቀርም። በምዕራብ መስኮት ላይ፣ ከመስታወቱ ውጭ፣ በእጅ የሚዘጋ መከለያ ይኖር እንደሆነም ይጠይቁ። ሞተር አያስፈልገውም፤ እኒያ እናት መያዣውን መሳብ ይችላሉ።