የሜዲቺ ቤት ሥርወ ልደት፤ ትውፊቱና መዝገቡ

ኃያላን ቤቶች ከከበሩ በኋላ ለክብራቸው የሚመጥን የዘር ሐረግ መሻታቸው የተለመደ ነውና፣ የፍሎረንሱ የሜዲቺ ቤትም አቬራርዶ የሚባል የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ ፈረሰኛ በሙጄሎ ሸለቆ አንድ ረዓይት እንደ ገደለ፣ የረዓይቱም ዱላ በጋሻው ላይ ያሳረፈው ስርጉድ በቤቱ አርማ ላይ የሚታዩትን ድቡልቡል ምልክቶች እንዳስገኘ የሚተርክ ትውፊት ነበረው። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ከፍሎረንስ በስተሰሜን ከሚገኘው ከዚያው ከሙጄሎ ወደ ከተማ የወረዱ ባለርስቶችና ነጋዴዎች መሆናቸውን ነው። በ1378 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ ሹም ሆኖ በመሳፍንቱ ወገን ላይ የተነሣው ሳልቬስትሮ ለስማቸው ዝና ቢጨምርም፣ ባንኩን ያቆመው ቅርንጫፍ የእርሱ አልነበረም።

ያን ቅርንጫፍ ያቀናው በ1360 የተወለደው ጆቫኒ ዲ ቢቺ ነው። አባቱ በ1363 ሲሞት የተወው መጠነኛ ሀብት ለሚስቱና ለአምስት ወንዶች ልጆቹ ስለ ተከፋፈለ፣ ጆቫኒ ካደገ በኋላ በዘመዱ በቪየሪ ዲ ካምቢዮ ባንክ ገብቶ በሮማ የገንዘብን ሥራ ተማረ፤ በ1397ም የሥራውን ማዕከል ወደ ፍሎረንስ አዛውሮ፣ 5,500ው የራሱ በሆነ የ10,000 ፍሎሪን መነሻ ገንዘብ ባንኩን መሠረተ። ከእርሱ በፊት የነበሩት የባርዲና የፔሩዚ ባንኮች በ1340ዎቹ ሲወድቁ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያበደሩት ገንዘብ አለመመለሱ አንዱ ምክንያት ሆኖ ነበር፤ የጆቫኒ ታላቅ ደንበኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ሆነችና እስከ 1420 ድረስ ከባንኩ ትርፍ እኩሌታ የሚበልጠው ከሮማ ተገኘ።

የነገሩ ምሥጢርም በዚህ ላይ ነው። ቀኖና አራጣን አጥብቆ ሲከለክል፣ ከመላው የላቲን ዓለም ግብር የምትሰበስበው ሮማ ያለ ባንክ ማደር አይቻላትም ነበር። ባንኩ በአንድ አገር ገንዘብ ተቀብሎ በሌላ አገር በሌላ ገንዘብ እንዲከፈል ሐዋላ ይጽፋል፤ ትርፉም በምንዛሪው ልዩነት ውስጥ ስለ ተሰወረ ሊቃውንተ መለኮት ብድር ሳይሆን ለውጥ ነው ብለው ተቀበሉት። ገንዘባቸውን በአደራ ላኖሩ ካርዲናሎችም የሚሰጠው ጥቅም ወለድ ሳይባል ስጦታ ይባል ነበር። ሕጉ እንግዲህ ንግዱን አላጠፋውም፤ ስልቱን ለሚያውቅ ቤት ግን በር ከፈተለት።

ጆቫኒ ይህን በር በታማኝነት ጠበቀ። ወዳጁ ባልዳሳሬ ኮሳ የላቲን ቤተ ክርስቲያን በተፎካካሪ ፓፓዎች በተከፋፈለችበት ዘመን፣ በ1410፣ ዮሐንስ 23ኛ ተብሎ በፒሳው ወገን ፓፓ ሲሆን ባንኩ ከጎኑ ነበረ፤ የኮንስታንስ ጉባኤ በ1415 ከሥልጣን ሽሮት ከታሰረ በኋላም ለመፈቻው የተጠየቀውን ገንዘብ ያቀረበው ይኸው ባንክ ነው። ኮሳ በ1419 ሲሞት ጆቫኒ ከኑዛዜው አስፈጻሚዎች አንዱ ሆነ፤ ዶናቴሎና ሚኬሎዞ የሠሩለትም መቃብር በፍሎረንስ ቤተ ጥምቀት ቆመ።

ጆቫኒ በ1429 ከሞተ በኋላ ልጁ ኮሲሞ በ1433 ተሰድዶ በዓመቱ ተመለሰ፤ በ1439ም በፌራራ የተጀመረው የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የአንድነት ጉባኤ በገንዘቡ ረዳትነት ወደ ፍሎረንስ ተዛወረ። በ1441 ወደዚሁ ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም የተቀበለቻቸው ይህችው ከተማ ነበረች። የፓፓው ገንዘብ ያዥ የነበረው ቤት አሁን የፓፓው አስተናጋጅ ሆነ።

በዘመኑ የነበረው የፍሎረንስ መጻሕፍት ነጋዴ ቬስፓሲያኖ እንደ ጻፈው፣ ኮሲሞ ሀብቱ ያለ ነቀፋ እንዳልተገኘ ኅሊናው ቢከስሰው ፓፓ ኤውጄንዮስ 4ኛን አማከረ፤ እርሱም የቅዱስ ማርቆስን ገዳም እንዲያድስ መከረው። ስለዚህ የሜዲቺን ልደት በሰይፍ ወይም በመኳንንት ደም የሚፈልግ ተመራማሪ ይሳሳታል። ቤቱን ያስገኘው በከልካዩ ሕግና በሕግ አውጪዋ በራስዋ ችግር መካከል የነበረው ክፍተት ነው፤ ለሀብቱ ሥርየት የሚሆነውን ሥራ የመከረውም ከዚያው ክፍተት የተጠቀመው መንበር መሆኑ ማስረጃውን ምሉእ ያደርገዋል።