ኅዳግ ላይ የሚጻፍ ጥያቄ

«ልጆቹ የፈለጉትን ከተማሩ ያንተ ሥራ ታዲያ ምንድን ነው?» ይሉኛል ወዳጆቼ። በኮሎራዶ፣ በአንድ አነስተኛ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ መምህር ነኝ። የሚማሩትን የሚመርጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ምርጫቸው እስኪጠራ እጠይቃለሁ።

በአካባቢያችን መንገዱን የጠረገው ሌክዉድ የሚገኘው ጄፈርሰን ካውንቲ ኦፕን ስኩል ነው። እዚያ በፊደል የሚሰጥ ውጤት የለም። ተማሪው በጀብዱ፣ በፈጠራ፣ በተግባራዊ ክህሎት፣ በሙያ አሰሳ፣ በምክንያታዊ ምርምርና በዓለም አቀፍ ግንዛቤ ስድስት ትልልቅ ሥራዎችን ራሱ አቅዶ ይፈጽማል፤ ትራንስክሪፕቱንም በራሱ ቃላት ይጽፋል። ሐሳቡ የካናዳው የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሞሪስ ጊቦንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጽሑፍ የመነጨ ነው፤ ወጣቱ ጉልምስናን እውነተኛ ፈተና ተጋፍጦ እንዲያገኘው ይሻል።

ዓመታት ሙሉ ታዝዞ የተማረ ልጅ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲባል «እርስዎ ይንገሩኝ» ይላል። ወይም «መኪና» ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይጀምራል፦ የመኪናው የትኛው ክፍል? ማን ያሳይሃል? ሥራው ማለቁን በምን እናውቃለን? ሲመላለስ ሰንብቶ «የእናቴን መኪና ፍሬን ሸራ ቀይሬ መካኒክ ይፈትሽልኛል» የሚል ፕሮፖዛል ይዞ ይመጣል። ሰበቃና ሙቀት ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይከተላሉ፤ ሸራው ለምን እንዳለቀ ሳይገባው ሥራውን ማስረዳት አይችልምና።

ከባዱ ነገር የራሴን ጉጉት መግታት ነው። «ስለ ፍሬን ታሪክ ብትጨምርበትስ?» ብል ልጁ በይሉኝታ እሺ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የኔ ይሆናል፣ እሱም ይሰለቸዋል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን እሱ ይጽፋል፣ እኔ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ብቻ አሰፍራለሁ። ብሎን ዝጎ አልፈታ ሲለው መካኒኩ ጋ አልደውልለትም፤ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያስብ። ሆኖም በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ልግባ ካለ ጥያቄ የለም፤ መደገፊያ ካልገባ አይሆንም። የትኛው ችግር እንደሚያስተምርና የትኛው እንደሚጎዳ መለየት የዚህ ሙያ ግማሹ ነው።

የሀበሻ ወላጅ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ሲለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁ ማደጉን ማወቅ ይፈልጋል። ደረጃ ስለሌለን የልጁን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፕሮፖዛል ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ኅዳጉን የሞላሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻው «ማን ያሳየኛል? ማለቁን በምን አውቃለሁ?» ብሎ የጠየቀው ልጁ ራሱ ነው፤ መልሱንም ከሥሩ ጽፎታል።