የተደገመ ፍጻሜ፤ ስለ ኢቫንጌሊዮን ሲኒማዎች

ታሪክ ጀምሮ የሚፈጽም ደራሲ ብዙ ነው፤ የፈጸመውን እንደ ገና ከፍቶ ሌላ ፍጻሜ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ሰሚው «እንግዲያ የፊተኛው ሐሰት ነበረን?» ብሎ ይጠይቀዋልና። ይህ ጥያቄ የደረሰበት ጃፓናዊው የሥዕል ሲኒማ አዘጋጅ ሂዴያኪ አኖ ነው።

«ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጌሊዮን» የተባለው ሥራው በ26 ክፍል ተከፍሎ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1995 እስከ 1996 በቴሌቪዥን ታየ። ሺንጂ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አባቱ አስጠርቶት፣ ኤቫ በሚሉት ግዙፍ አካል ውስጥ ገብቶ፣ በጃፓንኛ «ሐዋርያት» ከተባሉ ፍጥረታት ጋራ እንዲዋጋ ታዘዘ። ዳሩ ግን የመጨረሻዎቹ 2 ክፍሎች ጦርነቱን ትተው ወደ ልጁ ልቡና ገቡ፤ በዚህ ዓለም መኖር እንደሚችል በተረዳ ጊዜም በዙሪያው የቆሙት አጨብጭበው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ብዙ ተመልካች በዚህ አልረካም፤ የጦርነቱን መጨረሻ ይፈልግ ነበርና።

ስለዚህ በ1997 ኹለት ሲኒማዎች ተከታትለው ወጡ። በመጀመሪያው፣ «ሞትና ዳግም ልደት» በተባለው፣ ፊተኛው እኩሌታ የ24ቱን ክፍል ታሪክ ያሳጥራል። የጊዜውን ተራ ስለማይጠብቅ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አይጠቅምም፤ ለሚያውቀው ግን የእያንዳንዱን ልጅ ቍስል ለይቶ ያሳየዋል። ኋለኛው እኩሌታ ሥራው ስላልደረሰ ከመካከል ተቋረጠ፤ የተፈጸመውም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በወጣው «የኢቫንጌሊዮን ፍጻሜ» ነው።

በዚህ ሲኒማ ሰውን ከሰው የሚለየው የነፍስ ቅጥር ፈርሶ፣ ሰው ኹሉ እንደ አንድ ባሕር ይቀላቀላል። በዚያ ሕማም የለም፤ ነገር ግን ወዳጅም የለም። ሺንጂ ይህን አንድነት እምቢ ብሎ፣ ቢያቈስሉትም ከሰዎች ጋራ መኖርን መረጠ። ከዚህ በኋላ በቀይ ባሕር ዳር አስካ የምትባለውን ልጅ አንገቷን ያንቃል፤ እርሷ ግን እጇን አንሥታ ጕንጩን ዳሰሰችው፤ እርሱም አለቀሰ።

የቅኔ ተማሪ ይህን በሰምና ወርቅ ይፈታዋል። የቴሌቪዥኑ ፍጻሜ ሰም ያልለበሰ ወርቅ ነበረ፤ ሲኒማው ሰሙን አመጣለት። በኹለቱም ልጁ የሚመርጠው አንድ ነገር ነው፤ ኋለኛው «አንድም» ብሎ የፊተኛውን ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም። ብልጫው ግን የምርጫውን ዋጋ መናገሩ ነው፤ ወደ ሰዎች የተመለሰ ኹሉ በተመለሰበት ሰዓት ደግ አይሆንምና። ጭብጨባው ይህን ሰውሮት ነበር።

ነቀፋም አለበት። የሥራው ስም ወንጌል ከሚለው ቃል ጋራ ከአንድ የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ በውስጡም መስቀል ይበዛል። ይሁን እንጂ ከአዘጋጆቹ አንዱ ካዙያ ጹሩማኪ ምልክቶቹ ለመልክ ማማር የገቡ መሆናቸውን ተናግሯል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ወርቅ የሌለው ሰም ነውና፣ ምሥጢር ፈላጊ በከንቱ አይድከም።

አኖ በዚህ አልበቃውም፤ ከ2007 እስከ 2021 በ4 ሲኒማዎች ታሪኩን ደግሞ አዘጋጀ። በመጨረሻው ሺንጂ አድጎ፣ አኖ በተወለደበት በኡቤ ከተማ ካለው የባቡር ጣቢያ ሮጦ ይወጣል። በልጅነቱ እያለቀሰ የቀረው ልጅ ከዚያ ባሕር ዳር ለመነሣት 24 ዓመት ፈጀበት።